ለትልቅ ጀልባ የትኛው ሞተር? አውትቦርድና ኢንቦርድ ናፍጣ ከጣና ላይ ሲታዩ

ከዘጌ ስንመለስ ነው። ሃያ ሁለት ሰው ጭነናል። ከኋላ የተሰቀለው ሞተር ድንገት ይጮህ ጀመር። የሙቀት ማስጠንቀቂያው ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ፣ ወደ ላይ ገለበጠው፣ ውሃ ከሚስብበት ቀዳዳ ላይ የእምቦጭ ሥር በእጁ ነቅሎ ጣለ። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

በወሩ ሌላ ጀልባ ላይ ነበርኩ። የዚህችኛዋ ናፍጣ ሞተር ሆዷ ውስጥ ነው። ያው እምቦጭ ገጠመን። ሞተሩ አልሞቀም፣ ፕሮፔለሩ ግን ታሰረ። ወደ ላይ የሚነሳ ነገር የለም። አንድ ልጅ ቢላዋ በጥርሱ ነክሶ ገባ። ነፋሱ እየገፋን፣ እኛ እየጸለይን፣ አርባ ደቂቃ ፈጀ።

«የትኛው ሞተር ይሻላል?» ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ እነዚህ ሁለት ቀኖች ትዝ ይሉኛል። ሁለቱም የራሳቸው ተንኮል አላቸው። ስለዚህ እኔ መልሼ የምጠይቀው «በዓመት ስንት ሰዓት ትሠራበታለህ?» ብዬ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፈረስ ጉልበት ነው። እኔ ከሰዓት እጀምራለሁ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል አሥር ሜትር አካባቢ የሆነ የሰው ማመላለሻ ጀልባ ለጣና ለሚገዛ ወይም ለሚያሠራ ሰው ነው። ሌላ ውሃ ላይ ያላችሁም ቁጥሩን ቀይራችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። አውትቦርድ የሚባለው ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ፕሮፔለሩም አንድ ላይ ሆኖ ከጀልባው ኋላ የሚሰቀለው ነው። አብዛኛው በቤንዚን ይሠራል። ኢንቦርድ ናፍጣ ሆዷ ውስጥ ይቀመጣል። ከሞተሩ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮው ዘንግ፣ ከዘንጉ ጫፍ ፕሮፔለር ይቀጥላል። ከፕሮፔለሩ ኋላ ደግሞ ለብቻው መሪ አለ። ሞተሩ ውስጥ ሆኖ እግሩ ብቻ ከኋላ የሚወጣ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። እግሩን የሚያንቀሳቅሱት መገጣጠሚያዎችና የጎማ መሸፈኛዎች ጠንቃቃ መካኒክ ስለሚፈልጉ ለሥራ ጀልባ አልመክረውም።

1. ሰዓቱን ቁጠሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ጀልባዋ በቀን አራት ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን የምትሠራ ከሆነ 1,000 ሰዓት ነው። ለሎጅ እንግዳ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የምትወጣ ከሆነ በዓመት 100 ሰዓት ገደማ ነው። ጀልባዋ አንድ ዓይነት ብትሆንም ሥራው የተለያየ ነው።

ነዳጅን ለመገመት መካኒኮች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.31 ሊትር ገደማ ይበላል። ናፍጣው 0.21 ሊትር ገደማ። ይህ ሞተሩ ላይ ለተጻፈው ሳይሆን በሥራ ላይ በትክክል ለሚወጣው ጉልበት ነው።

ዝግ ብላ የምትሄድ ጀልባ 25 የፈረስ ጉልበት ትጠቀማለች እንበል። በቤንዚን በሰዓት 7.75 ሊትር፣ በናፍጣ 5.25 ሊትር ይሆናል። ልዩነቱ 2.5 ሊትር ነው። በ100 ሰዓት 250 ሊትር ቢሆን ማንም አይሰማውም። በ1,000 ሰዓት 2,500 ሊትር ነው። አሁን ፈጣን ጀልባ ውሰዱ፣ 200 የፈረስ ጉልበት የምታወጣ። ልዩነቱ በሰዓት 20 ሊትር ይሆናል። በ1,000 ሰዓት 20,000 ሊትር። ይህንን በዛሬ የነዳጅ ዋጋ አባዙትና ከሁለቱ ሞተሮች የዋጋ ልዩነት ጋር አስተያዩት። ኢንቦርዱ ሲገዛም ሲገጠምም ውድ ነው። ጥያቄው በስንት ዓመት ይመልሰዋል የሚለው ነው።

ዕድሜውንም ጨምሩ። የቤንዚን አውትቦርድ በደህና አያያዝ ትልቅ እድሳት የሚፈልገው በተለምዶ ከ1,500 እስከ 3,000 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። በልኩ የተጫነ የሥራ ናፍጣ ከ5,000 ሰዓት ያልፋል፣ 10,000 የሚደርስም አለ። በዓመት 1,000 ሰዓት ለሚሠራ ሰው አውትቦርድ የሁለት ሦስት ዓመት ዕቃ ነው ማለት ነው። በዓመት 100 ሰዓት ለሚሠራ ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ነው፤ ያን ጊዜ ጎማውና ሽቦው ቀድሞ ያረጃል።

የኔ ልክ ይህ ነው። በዓመት ከ200 ሰዓት በታች ከሆነ አውትቦርድ ግዙ። ከ500 በላይ ከሆነ ናፍጣ። መካከል ላይ ያላችሁ የሚቀጥሉትን ደረጃዎች አንብባችሁ ወስኑ።

2. ጀልባዋ ውሃ ትገፋለች ወይስ ውሃ ላይ ትወጣለች?

ሙሉ ጭነቱን ደምሩ። ገላዋ 2,500 ኪሎ፣ ሞተርና ነዳጅ 500 ኪሎ፣ 25 ሰው በ75 ኪሎ 1,875 ኪሎ። አምስት ቶን ገደማ ሆነ። ባዶዋን ሞክራችሁ ሞተር አትምረጡ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ውሃ እየገፋች የምትሄድ ጀልባ ርዝመቷ የሚወስነው የፍጥነት ጣሪያ አላት። ውሃ የሚነካውን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 አባዙ። ለአሥር ሜትር 14 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል። ከዚያ በላይ ጉልበት ብትጨምሩ ኋላዋ ይሰምጣል፣ ማዕበሉ ይተልቃል፣ ፍጥነቱ ግን ፈቅ አይልም። እዚያ ጣሪያ ሥር ለመሄድ በቶን አምስት የፈረስ ጉልበት ይበቃል። ለአምስት ቶን 25 ማለት ነው። ለከሰዓት ነፋስና ለመጠባበቂያ ጨምራችሁ 40 ወይም 50 ብትገዙ ደህና ነው።

ውሃው ላይ ወጥታ እንድትንሸራተት ከፈለጋችሁ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ 18 ኪሎ አንድ የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ለአምስት ቶን 280 ገደማ! ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዝግታ ስድስት ሰዓት፣ በፍጥነት ከሁለት ሰዓት በታች። ተሳፋሪው ለዚያ ልዩነት ይከፍላል ወይ? የደሴት ገዳማቱን እንጦስ ኢየሱስንና ክብራን ገብርኤልን አሳይታችሁ ለምትመለሱት ግን ፍጥነት ምንም አይፈይድም። ቱሪስቱ ፎቶ እያነሳ ነው።

ለዝግተኛና ለከባድ ጀልባ ኢንቦርድ ሌላም ጥቅም አለው። ትልቅ ፕሮፔለርን ቀስ አድርጎ ያዞራል። ከባድ ነገር ለመግፋት ትልቅና ዝግተኛ ፕሮፔለር ከትንሽና ፈጣን ይሻላል። አውትቦርድ ልትገጥሙ ከሆነ ለከባድ ጭነት የተሠራ፣ ማርሹ ዙር በደንብ የሚቀንስና ትልቅ ፕሮፔለር የሚቀበል ምረጡ።

3. ከፍታውን ቀንሱ

ይህን ካታሎጉ አይነግራችሁም። ካታሎግ የሚጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,790 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እኛ ጋ ሲደርስ 18 በመቶ ይሆናል። 100 ተብሎ የተገዛው ሞተር 82 ሆኖ ነው የሚሠራው። ከላይ 280 ያልነው ለጣና ወደ 340 ይጠጋል።

ቱርቦ ያለው ናፍጣ አየሩን ስለሚጨምቅ ብዙ አያጣም። ይህ ለናፍጣው ትልቅ ነጥብ ነው። ግን ቱርቦው የሚነሳው ዙር ከጨመረ በኋላ ነው። ከዚያ በታች እንደማንኛውም ሞተር ይደክማል። ስለዚህ ከወደብ ስትነሱ ጥቁር ጭስ እያወጣ ቢያቃስት አትደንግጡ። ዙሩ ከጨመረ በኋላ ካልጠራ ግን ደንግጡ።

ሦስት የሚደረጉ ነገሮች አሉ።

ፕሮፔለሩን ቀይሩ። ሞተሩ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲሰጠው የተጻፈለትን ዙር መድረስ አለበት። አውትቦርድ ብዙውን ጊዜ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር በደቂቃ ይላል። 4,600 ላይ ከቆመ ፒቹ በዝቶበታል። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው፤ የሚለካውም በኢንች ነው። አንድ ኢንች ስትቀንሱ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ለ4,600ው ሁለት ሦስት ኢንች ቀንሱ። በአምስተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ሞተሩን አታስጨንቁት።

ካርቡራቶር ያለው ባለ ሁለት ምት ከሆነ ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ አነስ ባለ ቀይሩ። አለበለዚያ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሞላል፣ ነዳጁም ይባክናል። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጨው ራሱ ያስተካክላል።

የራዲያተር ክዳኑንም አትናቁ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዝግ ማቀዝቀዣ ያለው ናፍጣ ግፊት የሚይዝ ክዳን ካላለው፣ ወይም ክዳኑ ከላላ፣ ቶሎ ያፈላል። በትንሽ ብር የሚገዛ ክዳን ችላ ሲባል ቴስታ (የሞተሩን ራስ) ያስለውጣል።

4. ውሃውን እዩ

ጣና ጥልቅ አይደለም። ጥልቁ ቦታ እንኳን 14 ሜትር አካባቢ ነው። በክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ይገባሉ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ፤ ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆቹ ነው። ለሞተር ይህ ሦስት ነገር ማለት ነው፦ አሸዋ፣ ጭቃና ሥር።

አውትቦርድ የሚቀዘቅዘው የሐይቁን ውሃ ቀጥታ ስቦ ነው። የሚስበውም የጎማ ክንፍ ባለው ትንሽ ፓምፕ ነው። ደለል ያንን ጎማ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። መለዋወጫ ጎማ ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ይኑር፤ በዓመት አንዴ ሳይጠየቅ ይቀየር። ከኋላ የምትወጣውን የውሃ ቀጭን ጅረት በየጉዞው የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። ስትደክም ቆም ብላችሁ እዩ። ጥቅሙ መጀመሪያ እንዳወራኋችሁ ነው። ወደ ላይ ይነሳል፣ በእጅ ይጸዳል። ጥልቀት በሌለው መድረሻም ከፍ ተደርጎ ይጠጋል።

ለኢንቦርድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሐይቁን ውሃ ስቦ የሞተሩን ሙቀት በሚቀበልበት ዕቃ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ማጣሪያው በየቀኑ ይከፈታል፣ በክረምት በቀን ሁለቴ። ሁለተኛው ለጣና የምወደው ነው። ከጀልባዋ ሥር፣ መሃል ለመሃል ከሚሄደው አግዳሚ (ኪል) ጎን ለጎን ቱቦ ይዘረጋል። የሞተሩ የማቀዝቀዣ ውሃ በቱቦው ውስጥ ይዞራል፣ ሐይቁ ከውጭ ያቀዘቅዘዋል። የሐይቅ ውሃ ወደ ሞተሩ ጨርሶ አይገባም። ደለልም ሥርም አያገኘውም። ማርሚታው እንደ መኪና ደረቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር በደንብ ይጠቅለል፣ ተሳፋሪ የሚደገፍበት ቦታም አይለፍ።

የፕሮፔለሩ መታሰር ግን ይቀራል። ከፕሮፔለሩ በላይ ባለው ወለል ላይ ክዳን ያለው ቀዳዳ አሠሩ። ቀዳዳው ከውሃው መስመር በላይ የሚደርስ ግድግዳ ይኑረው። ከላይ ሆናችሁ ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ ትቆርጡታላችሁ። ያ ልጅ ቢላዋ በጥርሱ ይዞ እንዳይገባ።

አንድ ነገር ደግሞ ለዝገት። በዘንጉና በሞተሩ እግር ላይ ዝገትን በራሱ የሚወስድ ቁራጭ ብረት ይገጠማል። ብዙ ጊዜ ዚንክ ሆኖ ይመጣል። ዚንክ ለጨው ባሕር ነው። በጣና ውሃ ላይ ቅርፊት ይይዝና ሥራውን ያቆማል። በማግኒዝየም ቀይሩት። ጅቡቲ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ደግሞ ዚንኩን ወይም አልሙኒየሙን ተዉት፣ አውትቦርዱን ግን ከየጉዞው በኋላ በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

5. ማን ይሠራዋል?

ባሕር ዳር ላይ የአይሱዙ ናፍጣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ ሞልቷል። ፖምፓ፣ ኢንጀክተር፣ ሞተሪኖ (ማስነሻው)፣ ዲናሞ፣ ሁሉም ይሠራል። የዘመኑ አውትቦርድ ግን በኮምፒውተር የሚነበብ ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ሰው አዲስ አበባ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ከዚያም ይርቃል። በሌላ በኩል አውትቦርድ ሲበላሽ ፈትታችሁ ሌላ ትሰቅላላችሁ። ጀልባዋ በማግስቱ ሥራ ትገባለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ናፍጣ ሲወጣ ወለሉ ይነሳል፣ ሳምንት ይሄዳል። ከመግዛታችሁ በፊት ለሻጩ አምስት ዕቃ ጥሩለት፦ የውሃ ፓምፕ ጎማ፣ ፊልትሮ፣ ሞተሪኖ፣ የፕሮፔለር ማሰሪያና ኩሽኔታ። «አለ» ብሎ መደርደሪያ ላይ ካላሳያችሁ፣ የለም ማለት ነው።

የጭነት መኪና ናፍጣ አምጥቶ ጀልባ ላይ መግጠምስ? ይቻላል፣ በብዙ አገር ይሠራበታል። የመኪናውን ካምቢዮ ግን እርሱት። ፕሮፔለር ጀልባዋን የሚገፋው በዘንጉ በኩል ነው፤ ያንን ግፊት የሚሸከም ኩሽኔታ የመኪና ካምቢዮ የለውም። የጀልባ ካምቢዮ ግዙ። የመኪና የቤንዚን ሞተር ግን በፍጹም ወለል ሥር አታስገቡ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖ አንዲት ብልጭታ ብትረጭ ይበቃል። ናፍጣ በተለመደው ሙቀት እንዲህ አይተንም። ሰው ለሚጭን ይህ ብቻውን ለናፍጣው ግማሽ ክርክር ነው። አውትቦርድ የያዛችሁም ቤንዚኑን አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡ። ከተሳፋሪ ወንበር ሥር ጀሪካን እያየሁ መሳፈር ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

አሜሪካኖቹስ ለምን አውትቦርድ ወደዱ?

ዩቲዩብ ላይ አራት ግዙፍ አውትቦርድ የሰቀለ የፍሎሪዳ ጀልባ አይታችሁ ይሆናል። የአሜሪካው ሞተር ሠሪ መርኩሪ በፈረንጆቹ 2021 ባለ 12 ሲሊንደር፣ 7.6 ሊትር፣ 600 የፈረስ ጉልበት ያለው አውትቦርድ አውጥቷል። አንዱ ከ570 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እዚያ ልክ ነው። ባለቤቱ ቅዳሜና እሁድ ነው የሚወጣው። ሆዱ ባዶ ስለሚሆን መኝታና የዓሣ ማስቀመጫ ያገኛል። ሲቆም ሞተሩን ከጨው ውሃ ያወጣዋል። ሰዓቱ ትንሽ ነው፣ መልሱም ያው አውትቦርድ ነው።

የናፍጣ አውትቦርድም አለ። የስዊድኑ ኦክስና የእንግሊዙ ኮክስ ሠርተውታል። የኮክሱ ባለ 8 ሲሊንደር 300 የፈረስ ጉልበት ነው። ቤንዚን ባጠገቡ ማየት ለማይፈልግ ጦርና የባሕር ጠባቂ ጥሩ ነው። ለጣና ግን የሁለቱንም ችግር ይዞ የመጣ ይመስለኛል፦ የናፍጣው ዋጋና የአውትቦርዱ ዕቃ እጥረት።

6. ሲገጠም ቆማችሁ እዩ

አውትቦርድ ከሆነ መጀመሪያ የኋላውን ግድግዳ ከፍታ ለኩ። የሞተር እግር ርዝመት 38፣ 51፣ 64 ወይም 76 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባዋ ታች ጋር እኩል፣ ወይም እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ትቀመጥ። በጣም ከፍ ካለ አየር ይስባል፣ በጣም ከወረደ ይጎትታል። የግድግዳው እንጨት የበሰበሰ መሆኑን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጋችሁ ስሙ፤ ድፍን ያለ ድምፅ ካላሰማ አትስቀሉበት።

ኢንቦርድ ከሆነ ዋናው ነገር የዘንጉ መስመር ነው። መስመሩን ጀልባዋ ደረቅ ላይ ሳለች አትጨርሱት። ውሃ ላይ ስትገባ ገላዋ ቅርጹን ትንሽ ይለውጣል። አንድ ሁለት ቀን ውሃ ላይ ትቆይ። ከዚያ ካምቢዮውንና ዘንጉን የሚያያይዙትን ሁለት ሳህኖች አጠጉና ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ የብረት ቅጠል) ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ለኩ። ሳህኑ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከበለጠ የሞተሩን እግሮች አስተካክሉ። «ይላመዳል» የሚል መካኒክ ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። እኔ አንዴ አምኜ ካምቢዮው በሦስት ወር ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ።

ዘንጉ ከጀልባዋ የሚወጣበት የገመድ ማሸጊያ ሲሠራ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጠብታ ያንጠባጥብ። ጠብታው ነው የሚያቀዘቅዘው። ሙሉ በሙሉ ካጠበቃችሁት ዘንጉን ይበላዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ማንጠባጠቡ ማቆም አለበት።

7. ሙሉ ጭነት ሞክሩ

ሰው ካጣችሁ አሸዋ በማዳበሪያ ጫኑ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ቢጠብቃችሁ ተጠራጠሩ። ግማሽ ሰዓት በመደበኛ ፍጥነት ሂዱ፣ ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ዙሩን አንብቡ። ናፍጣው የተጻፈለትን ዙር መድረስ፣ አዲስ ከሆነ በትንሹም ማለፍ አለበት። ካልደረሰ ፕሮፔለሩ ከብዶታል። ጥቁር ጭስ ካልጠራ አየር አንሶታል ወይም ተጭኗል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ቀዝቃዛ ሞተር ነው፤ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የማቀዝቀዣው ውሃ ከጎደለ ቴስታውን አስከፍቱ።

ናፍጣውን ከመጠን በላይ ትልቅ አትግዙ። 25 ለሚበቃው ጀልባ 150 ገዝቶ ቀኑን ሙሉ በዝግታ መንዳት ሲሊንደሩን በካርቦን ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለ የያዛችሁ በየጉዞው መጨረሻ አሥር ደቂቃ በርትታችሁ ንዱት። አዲሱን ሞተር ደግሞ መጽሐፉ ሌላ ካላለ በ50 ሰዓት የመጀመሪያውን ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ። ያን ቀን የሞተሩን እግሮች ብሎንም እንደገና አጥብቁ፣ የዘንጉንም ክፍተት ድጋሚ ለኩ።